ሰባት ዓመት ድሬዳዋ የሠራሁት ካናዳ ላይ ይቆጠርልኛል?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «31 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነው። በቴክኒክና ሙያ በኤሌክትሪክ ደረጃ አራት ጨርሼ በአንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ሰባት ዓመት በኤሌክትሪሽያንነት ሠርቻለሁ። ባለትዳር ነኝ፤ የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ። ካልጋሪ የምትኖረው እህቴ ‘እንደምንም ግባ እንጂ አንድ ዓመት ከሠራህ ቋሚ መኖሪያ ትሰጥሃለች’ ትለኛለች። አንድ ደላላ ደግሞ በጽዳት ሥራ የሥራ ፈቃድ አስወጣልሃለሁ ብሎ ቤት የሚያሸጥ ገንዘብ ጠይቆኛል። የድሬ ልምዴ ይቆጠራል ወይስ እዚያ ሄጄ ከዜሮ ልጀምር? አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ትንሽ ፈረንሳይኛ አስተምረውኛል፤ ይጠቅም ይሆን? የድሬ ልጅ ነኝና አንተ ብልህ እንዳትቀየም።»

አልቀየምም። ድሬ ላይ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ማለት ስድብ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ነው የሚመልስልህ። ከመልሱ ግማሹ ግን ላያስደስትህ ስለሚችል ከመራራው ልጀምር።

እህትህ የፈጠራ ወሬ አላወራችም። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2008 በአገር ውስጥ በተገኘ የሥራ ልምድ ለቋሚ መኖሪያ የሚያበቃ መንገድ ከፍታለች፤ ከ2015 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ይህ መንገድ ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው የነጥብ ውድድር ውስጥ ገብቷል። የሚጠይቀው በካናዳ ምድር፣ በሕጋዊ ፈቃድ፣ በባለሙያነት በሚመደብ ሥራ ላይ፣ ከማመልከቻው በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 1,560 ሰዓት እየተከፈለህ መሥራትህን ነው። ይህም በሳምንት 30 ሰዓት ለአንድ ዓመት ማለት ነው። ፋብሪካ ውስጥ በሳምንት 48 ሰዓት መሥራት የለመደ ሰው «ሁለት ሥራ ይዤ በስድስት ወር እጨርሰዋለሁ» ብሎ ያስባል። አይሆንም፤ ከ30 ሰዓት በላይ የሠራኸው ለኪስህ እንጂ ለቆጠራው አይገባም። በራስ ድርጅት የተሠራ ሥራ አይቆጠርም። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆነህ የሠራኸውም አይቆጠርም። ጥገኝነት ጠይቀህ ውሳኔ እየጠበቅህ የሠራኸውም ለዚህ መንገድ አይሆንም። ስለዚህ «እንደምንም ግባ» የሚለው ምክር የሚፈርሰው ገና ከመነሻው ነው፤ ሕጉ የሠራኸውን ጊዜ ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት ፈቃድ ይዘህ እንደሠራህም ይጠይቃል።

ቀጥሎ ወደ ደላላው እንምጣ። ካናዳ ሥራዎችን ሁሉ በአምስት አሃዝ ቁጥር መድባ ከ0 እስከ 5 ደረጃ ሰጥታቸዋለች። ለዚህ መንገድ የሚቆጠሩት ከ0 እስከ 3 ያሉት ናቸው። ደረጃውን ለማወቅ ከአምስቱ አሃዞች ሁለተኛውን ማየት ይበቃል። የአንተ ሙያ፣ የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪሽያን፣ ቁጥሩ 72201 ነው፤ ሁለተኛው አሃዝ 2 ስለሆነ ይቆጠራል። ምግብ አብሳይ 63200፣ የከባድ መኪና ሾፌር 73300፤ ሁለቱም ይቆጠራሉ። ጽዳት 65310 ነው። ደረጃ አምስት! አንድ ዓመት ቀርቶ አሥር ዓመት ብትወለውል በዚህ መንገድ አንዲት ሰዓት አትመዘገብልህም። ደላላው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም፤ እሱ የሚሸጠው የአውሮፕላን ትኬቱን እንጂ መኖሪያውን አይደለም። ደግሞም አንድ ካናዳዊ አሠሪ የውጭ ሠራተኛ ለመቅጠር ለሚያቀርበው የሥራ ገበያ ጥናት ማመልከቻ ለአንድ የሥራ ቦታ 1,000 የካናዳ ዶላር ይከፍላል፤ ይህንን ገንዘብ ከሠራተኛው ማስመለስ በሕግ የተከለከለ ነው። የቅጥር ደብዳቤ በገንዘብ መግዛት ራሱ ወንጀል ነው፤ ከተደረሰበት በሐሰት መረጃ ምክንያት ለአምስት ዓመት ከማመልከት ያሳግዳል። ቤትህን አትሽጥ።

አሁን ጥሩውን ላምጣ። የድሬ ሰባት ዓመትህ ይቆጠራል፤ የሚቆጠረው ግን እህትህ በነገረችህ በር ሳይሆን በሌላ በር ነው። ኤክስፕረስ ኢንትሪ ውስጥ የፌዴራል ባለሙያ ሠራተኞች የሚባል ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ የትም አገር ቢሆን በአንድ ሙያ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይቋረጥ የሠራን ሰው ይቀበላል፤ ካናዳን ረግጦ የማያውቅ ቢሆንም። የመግቢያው መለኪያ ከ100 ነጥብ 67 ማግኘት ነው። የአንተን ላስላው። እንግሊዝኛህ በአራቱም ክህሎት የካናዳውን ደረጃ ሰባት ካገኘ፣ ማለትም በአይኤልትስ ጄኔራል ፈተና በእያንዳንዱ 6 ካመጣህ፣ 16 ነጥብ። ደረጃ አራትህ የውጭ ትምህርትን ከካናዳው ጋር በሚያመዛዝነው ግምገማ የሁለት ዓመት ዲፕሎማ ተብሎ ከወጣ 19። ዕድሜህ 12። ከስድስት ዓመት በላይ ልምድህ 15። እህትህ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ከሆነች 5። ድምሩ 67፤ ልክ ጫፉ ላይ። ገምጋሚው የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ብሎ ከጻፈው ግን አራት ነጥብ ይጎድልብህና ከበሩ ትመለሳለህ። መድኃኒቱ ቤትህ ውስጥ ነው። ባለቤትህ በፈተና ደረጃ አራት እንግሊዝኛ እንኳ ካሳየች፣ ይህም ለጀማሪ ቅርብ የሆነ ደረጃ ነው፣ አምስት ነጥብ ትጨምርልሃለች። ብዙ ባሎች ይህን ረስተው ብቻቸውን ፈተና ሲመላለሱ አይቻለሁ። ባለቤትህንም አስመዝግባት።

ይህ ግን ገና መግቢያው ነው። ከገባህ በኋላ ያለው ውድድር በሌላ ሠንጠረዥ፣ ከ1,200 ነጥብ፣ ነው የሚሰላው፤ ብዙ ሰው ተስፋ አድርጎ የሚሰበረውም እዚህ ላይ ነው። ቤተሰብህን ይዘህ የምትሄድ ስለሆነ በባለትዳር ሠንጠረዥ ዕድሜህ 90፣ ዲፕሎማህ 91፣ እንግሊዝኛህ 64፣ የድሬ ልምድህ ከቋንቋህ ጋር ተጣምሮ 25፣ ትምህርትህ ከቋንቋህ ጋር ተጣምሮ 13፣ እህትህ 15 ያመጣሉ፤ ድምሩ 298 ነው። በሕጋዊ መንገድ ካናዳ ገብተህ አንድ ዓመት በሙያህ ብትሠራስ? ለዓመቱ 35፣ የውጭ ልምድህ ከካናዳው ጋር ሲጣመር 25፣ ትምህርትህ ሲጣመር 13 ይጨመራል። 371 ሆነ። ካናዳ ከተወዳዳሪዎቹ ከፍ ያለ ነጥብ ያላቸውን እንዲያመለክቱ የምትጠራው በየዙሩ ነው፤ በ2025 ለካናዳ ልምድ ባለቤቶች በተደረጉት ዙሮች የመቁረጫ ነጥቡ ከ500 በታች ወርዶ አያውቅም። እህትህ ምናልባት ከዓመታት በፊት፣ ነጥቡ ዝቅ ባለበት ዘመን፣ ያለፉ ጓደኞቿን አይታ ይሆናል የመከረችህ። ዛሬ አንድ ዓመት መሥራት ለመወዳደር መብት ይሰጣል እንጂ መኖሪያውን አይሰጥም።

እንግዲህ ከ298 ተነስቶ ወዴት ይኬዳል? ቋንቋ ነው መልሱ፤ ስለ ቋንቋ የምለውን ደግሞ በደንብ ስማኝ። ከሰባት ወደ ዘጠነኛው የእንግሊዝኛ ደረጃ ብትወጣ (በማዳመጥ 8፣ በቀሩት ሦስቱ 7 ማለት ነው) የቋንቋው ነጥብ ከ64 ወደ 116 ያድጋል። ከዚያም ጋር የተጣመሩት ሁሉ አብረው ያድጋሉ፦ የድሬ ልምድህ 25 የነበረው 50፣ ትምህርትህ 13 የነበረው 25 ይሆናል። 298 የነበረው 387 ሆነ ማለት ነው። ልብ በል፤ ካናዳ ሄዶ ዓመት ከመሥራት የበለጠ ነጥብ ድሬ ተቀምጦ በማጥናት ተገኘ። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው የሚለወጥ ብዙ ናቸው። ሻንጣ ማዘጋጀት ከመዝገበ ቃላት ጋር ከመታገል የበለጠ ጉዞ ስለሚመስል ይሆናል።

ቀጥሎ የአባትህ ፈረንሳይኛ። ከጂቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ ጀምሮ ከተማችሁ ከፈረንሳይኛ ጋር ተለያይታ አታውቅም። የምድር ባቡሩ ጡረተኞች ዛሬም በከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ሲጨዋወቱ ፈረንሳይኛ ጣል ማድረጋቸው አይቀርም። ካናዳ ደግሞ ከ2023 ወዲህ ፈረንሳይኛ ለሚችሉ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ከሆነችው ከኩቤክ ክፍለ ግዛት ውጭ ለመኖር ለሚያስቡ ሰዎች የተለየ ዙር ታካሂዳለች። የነዚህ ዙሮች የመቁረጫ ነጥብ በፌብሩዋሪ 2024 እስከ 336 ወርዶ ነበር፤ በ2025 ደግሞ ከ379 እስከ 481 ሲዋዥቅ ከርሟል። በአራቱም ክህሎት በፈረንሳይኛ ደረጃ ሰባት ያገኘና እንግሊዝኛው ከአምስት ያላነሰ ሰው 50 ተጨማሪ ነጥብ፣ በሁለተኛ ቋንቋነት ደግሞ 12 ነጥብ ያገኛል። አንተ ላይ ስናሰላው እንግሊዝኛህ ዘጠኝ፣ ፈረንሳይኛህ ሰባት ከሆነ 449 ትደርሳለህ፤ እንግሊዝኛህ ስምንት ላይ ቢቆም እንኳ 384። ይህ በፈረንሳይኛው ዙር ውስጥ እውነተኛ ዕድል ነው፤ ያውም ካናዳ አንድ ቀን ሳትሠራ፣ ካልጋሪም ከኩቤክ ውጭ ስለሆነች ከእህትህ ሳትርቅ።

ግን አላሞኝህም። ደረጃ ሰባት ማለት «ቦንዡር፣ ሳ ቫ» አይደለም። ፈረንሳዮቹ ቤ ደ (B2) የሚሉት፣ ጋዜጣ አንብቦ መከራከርና ሥርዓት ያለው ደብዳቤ መጻፍ የሚያስችል ደረጃ ነው። ፈተናውም ቴፍ ካናዳ ወይም ቴሴኤፍ ካናዳ የሚባለው መሆን አለበት፤ ለትምህርት ቤት የሚሰጡት ዲፕሎማዎች አይተኩትም። ከአባትህ የሰማኸው ለጆሮህ ጠቅሞሃል፤ ለእጅህ ግን ገና ነው። ድሬ ባለው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ተመዝግበህ ከዓመት የማያንስ ጊዜ በትጋት መማር ይጠይቅሃል። በየዓመቱ ዕድሜህ አምስት ነጥብ እንደሚበላብህም አትርሳ፤ ቢሆንም አምስት ከፍሎ ስልሳ ሁለት ማግኘት ኪሳራ አይደለም። በነገራችን ላይ የፈተና ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ ሌላው ሳይዘጋጅ ቸኩለህ አትፈተን።

ስለ ሙያ ዙሮች ደግሞ ጠይቀህ ባይሆንም እግረ መንገዴን ልንገርህ። ካናዳ ለእጅ ሙያተኞችም የተለየ ዙር ታካሂዳለች። በ2024 የመቁረጫ ነጥቡ ከ430 ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር፤ በ2025 ከ500 አልፏል። የትኞቹ ሙያዎች እንደሚካተቱ በየጊዜው ስለሚለወጥ ቁጥርህን 72201ን ከወቅቱ ዝርዝር ጋር አስተያየው። የእጅ ሙያተኞች የሚባለው ሌላ ፕሮግራምም አለ፤ እሱ ግን ወይ ከካናዳ አሠሪ የአንድ ዓመት የሥራ ቃል ወይ ከአንድ ክፍለ ግዛት የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። አልበርታ፣ የእህትህ ክፍለ ግዛት፣ ኤሌክትሪሽያንነትን ያለ ምስክር ወረቀት ወይም ያለ ተመዘገበ ተለማማጅነት አትፈቅድም። ስለዚህ መኖሪያውን ይዘህ ብትደርስ እንኳ በማግስቱ ፒንሳ ይዘህ ፓነል አትከፍትም። ይህንን አሁን ማወቁ ኋላ ከመደንገጥ ያድናል።

የትምህርት ቪዛን በአጭሩ ልለፈው። ኮሌጅ ገብቶ፣ ተመርቆ፣ የድኅረ ምረቃ የሥራ ፈቃድ አግኝቶ ልምድ ማካበት አሁንም የሚቻል መንገድ ነው። ነገር ግን ከ2024 ወዲህ ኮታ ተጥሎበታል፤ የኮሌጅ ተመራቂዎች ፈቃዱን የሚያገኙት በተወሰኑ የትምህርት ዘርፎች ብቻ ሆኗል፤ ፈቃዱም በሕይወት አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው። ከትምህርት ክፍያው ሌላ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ አንድ ተማሪ ለብቻው ለአንድ ዓመት ኑሮ 22,895 የካናዳ ዶላር ማሳየት አለበት። ለአንድ ደመወዝተኛ የቤተሰብ ኃላፊ፣ ባለቤቱም የኮሌጅ ተማሪ ሚስት ስለሆነች ብቻ የሥራ ፈቃድ በማታገኝበት በዚህ ጊዜ፣ አልመክረውም።

አሁን ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጠው ወደሚገባህ ነገር እንምጣ፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤህ። ፋብሪካህ የሚሰጥህን ደብዳቤ ሳላየው ልጻፈው? «ለሚመለከተው ሁሉ፣ ግለሰቡ ከጥቅምት 2 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በድርጅታችን በኤሌክትሪሽያንነት እያገለገሉ መሆኑን እየገለጽን…» ከዚያ ማህተም። በዚህ ደብዳቤ ካናዳ ላይ ሰባት ዓመትህ ባዶ ነው። የካናዳው ፈታሽ ማዕረግህን አይደለም የሚመዝነው፤ በእጅህ የሠራኸውን ነው። ሙያህ በተመደበበት ቁጥር ሥር ከተዘረዘሩት ዋና ዋና ተግባራት አብዛኛውን መሥራትህን ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ደብዳቤው የክሬሸሩን ሞተር ፈትተህ እንደምትጠግን፣ የእቶኑን መቆጣጠሪያ ፓነል እንደምትፈትሽ፣ የማጓጓዣ ቀበቶው ሲቆም ከንድፉ ተነስተህ ብልሽቱን እንደምትፈልግ፣ ሰብስቴሽኑን በየስንት ጊዜው እንደምትመረምር መናገር አለበት። የሳምንት የሥራ ሰዓትህ፣ ደመወዝህና ጥቅማ ጥቅምህ፣ የጀመርክበት ቀን፣ የፈራሚው ስም፣ ኃላፊነትና ስልክ ይግባበት። ከካናዳው ዝርዝር ቃል በቃል የተገለበጠ ደብዳቤ ግን አታምጣልኝ፤ ፈታሾቹ ዝርዝሩን በቃላቸው ያውቁታል።

የሰው ኃይል ክፍሉ «እኛ የምንሰጠው በዚህ ቅጽ ነው» ሊልህ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ በትሕትና አስታውሳቸው። ዝርዝሩን አሁንም ካልጻፉልህ የክፍል ኃላፊህ ስለ ሥራህ የሚሰጠው የተፈረመ መግለጫ፣ የቅጥር ውልህ፣ የሥራ መዘርዝርህና የደመወዝ ወረቀቶችህ ተደጋግፈው ይቆማሉ። ብዙ ሰው የማያስበው ማስረጃ ደግሞ ጡረታ ነው። በየወሩ ከደመወዝህ 7 በመቶ፣ ከአሠሪህ 11 በመቶ ገቢ ሲደረግ ኖሯል፤ ያ መዝገብ ከፋብሪካው ውጭ በሆነ ተቋም እጅ ያለ የሰባት ዓመትህ ምስክር ነው።

የዘመን አቆጣጠሩን አደራ። ከላይ የጻፍኩትን ጥቅምት 2 ቀን 2011 ተርጓሚው ሳያስተውል እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ካሻገረው ሥራ የጀመርከው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜህ ይሆናል፤ ትክክለኛው ኦክቶበር 12 ቀን 2018 ነው። ማመልከቻህ ላይ አንድ ቀን፣ ደብዳቤህ ላይ ሌላ ቀን ከተገኘ ማንም ቁጭ ብሎ መስከረማችንን አያሰላልህም። ወይ ደብዳቤው ሲጻፍ ሁለቱም ቀኖች ይግቡበት፣ ወይ ፈቃድ ያለው ተርጓሚ በግልጽ ይቀይረው።

ገንዘብም አለ። ከውጭ ሆኖ በባለሙያ ሠራተኞች በር የሚገባ ሰው የመቋቋሚያ ገንዘብ ማሳየት ግዴታው ነው፤ በ2025ቱ ልክ ለሦስት ሰው ቤተሰብ 23,360 የካናዳ ዶላር። ይህ ገንዘብ ያንተው መሆን አለበት፤ ለአንድ ሳምንት ከዘመድ ተበድሮ ባንክ ማሳደር አያዋጣም፣ የስድስት ወር አማካይ ያያሉና። በካናዳ ልምድ በር የሚገባ ሰው ይህን አይጠየቅም፤ የዚያ በር አንዱ ዋና ጥቅም ይህ ነው። አንተ ጋ ገንዘቡ ዛሬ ከሌለ፣ ፈረንሳይኛውን የምትማርበት ዓመት የምታጠራቅምበትም ዓመት ይሆናል።

የመጨረሻው ጉዳይ ቤተሰብህ ነው። ጋብቻችሁ በኒካህም ይፈጸም በቤተ ክርስቲያን፣ በቀበሌ ካልተመዘገበ አስመዝግቡት፤ የልጅህንም የልደት ምስክር ወረቀት አውጣ። አንዳንዱ ነጥብ ይበዛልኛል ብሎ ላጤ ነኝ ይላል። በማመልከቻው ላይ ያልተጠቀሰና ያልተመረመረ ሚስት ወይም ልጅ በመርሕ ደረጃ ኋላ በቤተሰብ ማስመጣት መንገድ አይመጣም፤ ውሸቱ ከተገለጠም መኖሪያው ይነጠቃል። ደላላህ ይህን ምክር ጨምሮ ሰጥቶህ ከሆነ አልደነቅም።

እህትህ የምታግዝህ ደግሞ በምክር ሳይሆን በወረቀት ነው። የዜግነት ወይም የቋሚ ነዋሪነት ማስረጃዋን፣ ካናዳ መኖሯን የሚያሳይ ሰነድና የሁለታችሁንም ወላጆች ስም የያዘ የልደት ምስክር ወረቀቷን ትላክልህ። የአባታችሁ ስም በሷ ካናዳዊ ሰነድ ላይ በአንድ ፊደል፣ በአንተ ፓስፖርት ላይ በሌላ ፊደል ተጽፎ ከሆነ፣ እንዲህ ዓይነቱ ልዩነት በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ስላለ፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከወዲሁ አዘጋጁ። አምስቱ የመግቢያ ነጥብና አሥራ አምስቱ የውድድር ነጥብ የሚመጡት በዚያ ወረቀት ነው።